አያትን በቤት ቁጥር መፈለግ

ሸጎሌ ለተሰበሰቡ የሰፈሩ ነዋሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ከመጀመሬ በፊት ሦስት ነገር ልጠይቃችሁና እጃችሁን አውጡልኝ። የአባታችሁን አባት፣ የእርሳቸውንም አባት ስም የምታውቁ? ጥሩ፣ ብዙ እጅ አያለሁ። የእናታችሁን አባትና የእርሳቸውን አባትስ? ቀነሰ። የእናታችሁን እናት ከነአባታቸው፣ ከነክርስትና ስማቸው የምታውቁስ? ሦስት እጅ ቆጠርኩ፤ አንዱ የእኔ ነው። የእኔም እጅ እስከ ዛሬ ሁለት ዓመት ድረስ አይነሣም ነበር።

ከዚህ ስትወጡ ታክሲ ውስጥ «ሸጎሌ ወራጅ አለ» የምትሉት ቃል የሰው ስም ነው። ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የቤኒሻንጉል ገዥ ነበሩ። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ያንን አገር ሲይዙ የአካባቢው ሼኮች ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ፤ ከእነርሱ አንዱ ሼህ ሆጀሌ ናቸው። ኋላ ተለቀው ለዳግማዊ ምኒልክ ወርቅ እየገበሩ አገራቸውን መልሰው ገዙ፤ አዲስ አበባ ሲመጡ የሚያርፉበት ግቢም በዚህ በኩል ነበራቸው። «ሼህ ሆጀሌ» የሚለው ስም በሰው አፍ ሲመላለስ ተሸርሽሮ «ሸጎሌ» ሆነ። ጉለሌም እንዲሁ ነው፤ ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት እዚህ ይኖር የነበረ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። መታወቂያችሁ ላይ ከስማችሁ በታች የሌላ ሰው አያት ስም ተጽፎ በኪሳችሁ ይዛችሁ ትዞራላችሁ ማለት ነው። እዚህ አገር አያት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ቀርቶ አይደለም፤ በማንጠብቀው ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ነው።

ይህን ነገር እንዳስብበት ያደረገችኝ የእኅቴ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ነው። ትምህርት ቤት «የቤተሰባችሁን ዛፍ ሥሩ» ተብለው ሳለ አንድ ማታ ደወለችልኝና «አጎቴ፣ የኢትዮጵያን የድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ የት ነው የማገኘው?» አለችኝ። የክፍሏ ልጆች በአንድ ቅዳሜና እሑድ አምስትና ስድስት ትውልድ ወደ ኋላ ሄደው መጥተዋል። እርሷ የያዘችው ሦስት ስም ብቻ ነው። ትንሽ አፍሬ «እፈልግልሻለሁ» አልኳት። ያን ጊዜ ምን እንደምፈልግ አላወቅሁም ነበር።

የክፍሏ ልጆች እንዴት እንደሠሩት በአጭሩ ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ከ1841 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብ ቆጠራ የእያንዳንዱን ሰው ስም ይመዘግባል። ቅጹ መቶ ዓመት ተዘግቶ ይቀመጥና ለሕዝብ ይከፈታል፤ የ1921ዱ የተከፈተው በ2022 ነው። አሜሪካኖች የሚጠብቁት 72 ዓመት ነው፤ የ1950ው እነርሱም ዘንድ በ2022 ተከፈተ። በሁለት ቆጠራ መካከል ያለውን አሥር ዓመት ደግሞ የከተማ ማውጫ ይሞላዋል። የከተማ ማውጫ የነዋሪውን ስም፣ ሥራና የመንገድ አድራሻ በፊደል ተራ የያዘ መጽሐፍ ነው፤ በብዙ ከተማ በየዓመቱ ይታተም ነበር። በ1921 ዋሽንግተን ላይ በደረሰ ቃጠሎ የ1890ው የአሜሪካ ቆጠራ አብዛኛው ክፍል ጠፍቷል፤ ያንን ክፍተት ዛሬ ተመራማሪዎች የሚሞሉት በእነዚያ ማውጫዎች ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የቤተሰብ ስም ስላላቸው ነው። ስሚዝ የተባለ ሰው ልጁም የልጅ ልጁም ስሚዝ ነው፤ ክሩን ይዘህ ትጎትታለህ። የእኛ ስም ግን እንደ ወራጅ ውኃ ነው። እኔ በራሴ ስም፣ በአባቴና በአያቴ ስም እጠራለሁ። ልጄ ሲወለድ አያቴ ከወረቀቱ ይወርዳሉ። ልጄ ልጅ ሲወልድ አባቴም ይወርዳል። በየትውልዱ አንድ ሽማግሌ ከመታወቂያ ላይ ይፈናቀላል፤ ጥፋተኛ የለውም፣ የስማችን ሥርዓት ነው። እናቶችማ ከመጀመሪያውም አልተሳፈሩም።

መንግሥት ይህን ለመለወጥ ሞክሮ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንደሚኖረው፣ በአስተዳደር ጽሑፎችም በዚያ እንደሚጠራ ይደነግጋል። ሕጉ ወጣ፤ ሰው በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ያው ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ በብዙ አንቀጽ ከዘረዘረ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ በአንቀጽ 3361 «በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ አይሠራበትም» ብሎ አቆየው። ወሳኝ ኩነት በመላ አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከሕጉ እስከ ምዝገባው 56 ዓመት! በዚህ መካከል የተወለደ ሰው ልደቱ የሚረጋገጠው በምስክር፣ በክርስትና ካርድ፣ በሆስፒታል ወረቀት ወይም በእናቱ ቃል ነበር።

ማውጫስ አልነበረንም ወይ? ነበረን፤ ዓይነቱ ለየት ይላል። ቴሌ የራሱ መሥሪያ ቤት ሆኖ ከተቋቋመ ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ የታተሙት የስልክ ማውጫዎች ደንበኛውን የሚደረድሩት በራሱ ስም ነው። አበበ ከአበበ ጋር ገጽ ሙሉ ይሰለፋል፤ አባትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት መቶ ገጽ ይራራቃሉ። የአድራሻውም ነገር አስቸጋሪ ነው። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤ ቤት ድረስ ስለማያመጣ የብዙ ሰው አድራሻ የመንገድ ስም የሌለው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ከዚያም በላይ ስልክ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ የስልክ ማውጫ የከተማው ሕዝብ መዝገብ ሊሆን አይችልም፣ የባለስልኮች መዝገብ ነው። አያታችሁን ማውጫ ውስጥ ስታጡ «አዲስ አበባ አልኖሩም» ብላችሁ አትደምድሙ። ስልክ አልነበራቸውም፣ በቃ።

የውጭ ዜጎች ከዚህ የተሻለ ዕድል አላቸው። አድሪያን ዘርቮስ በ1936 እ.ኤ.አ. አሌክሳንድሪያ ላይ በፈረንሳይኛ ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖሩ የነበሩትን ግሪኮች፣ አርመኖችና ሌሎችም በየማኅበረሰባቸው ከነሥራቸው ይዘረዝራል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ የሙዚቃ ባንድ አባላት የሆኑት «አርባ ልጆች»፣ ዛሬ በልጅ ልጆቻቸው ስም በስም ይፈለጋሉ፤ ይገኛሉም። በዚያው ዘመን ከመርሐ ቤቴ በእግሩ መጥቶ ቤታቸውን የገነባላቸው አናጢ ግን በየትኛውም ማውጫ የለም። ይህንን ሳስብ ትንሽ ይከነክነኛል፤ ልደብቃችሁ አልችልም።

ወደ ቆጠራው እንምጣ። አገራችን ሦስት ጊዜ ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አድርጋለች፤ በግንቦት 1976፣ በጥቅምት 1987 እና በግንቦት 1999። የመጀመሪያው ወደ 42 ሚሊዮን ተኩል፣ ሁለተኛው ከ53 ሚሊዮን በላይ፣ ሦስተኛው ወደ 74 ሚሊዮን ሰው አስመዝግቧል። በ1976ቱ ቆጠራ ጊዜ ጦርነት ስለነበር ቆጣሪ መድረስ የቻለው ከሕዝቡ 81 በመቶ ወደሚሆነው ነው፤ የቀረው በግምት ተሞላ። አራተኛው ቆጠራ ቀን ተቆርጦለት ተላልፏል፣ እንደገና ተላልፏል። የአዲስ አበባን ብቻ ያየን እንደሆነ በ1976 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ገደማ የነበረው ሕዝብ በ1999 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ደርሷል።

እነዚህ ቁጥሮች ለትምህርት ቤት፣ ለውኃ፣ ለመንገድ ዕቅድ ይጠቅማሉ። ለእኅቴ ልጅ ግን አይጠቅሟትም። የስታቲስቲክስ ሕጋችን ግለሰብ የሰጠው መረጃ በምስጢር እንዲጠበቅ ያዛል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ቅጹን የሚከፍት እንደ እንግሊዞቹ ያለ ልማድ የለንም። ቆጣሪው በራችሁን አንኳኩቶ ስንት ሰው እንዳላችሁ ጠይቆ ሄዷል፤ ለሕዝብ የተመለሰው ሰንጠረዥ ነው።

ቢከፈትም እንኳ ዕድሜ ላይ ጉድ ታዩ ነበር። በቆጠራዎቻችን ውስጥ በዜሮና በአምስት የሚያበቁ ዕድሜዎች ያብጣሉ። 40 ዓመት የሆነው ሰው መዓት ነው፣ 41 የሆነው ግን ጥቂት። ሰው የተወለደበትን ዓመት ሳያውቅ ሲቀር ክብ ቁጥር ይናገራላ። ሽማግሌን «መቼ ተወለዱ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የኅዳር በሽታ ሲገባ ተወልደው ነበር?» በሏቸው፤ 1911 ዓ.ም. ነው። «ማይጨው ሲዘመት ጦር ለመያዝ ደርሰው ነበር?» በሏቸው፤ 1928 ነው። «የካቲት 12 የት ነበሩ?» በሏቸው፤ 1929 ነው። እንዲህ ሲጠየቁ ዕድሜያቸው በአንድና በሁለት ዓመት ልዩነት ውስጥ ይገኛል። በጣሊያን ጊዜ የተጻፈ ወረቀት ካገኛችሁ ደግሞ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን፣ ጎኑ ላይ ያለው የሮማውያን ቁጥር የፋሺስት ዘመን ዓመት መሆኑን አትርሱ።

ታዲያ እኛ ምን እንከተል? ስማችን በየትውልዱ ከፈሰሰ፣ ከስሙ የሚረጋ ነገር መፈለግ አለብን። እኔ ሁለት ዓመት ለፍቼ የደረስኩበት መልስ ቤት ነው። በአዲስ አበባ ወረቀት ሁሉ የሚንጠለጠለው ቤት ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በውርስና በሽያጭ እንዲተላለፍ ከፈቀዱ ወዲህ ማዘጋጃ ቤት ባለቤትን የሚያውቀው በቦታው ነው፤ ካርታው፣ ደብተሩ፣ የግብር ደረሰኙ በቦታው ስም ይጠራሉ። ሰው ይሞታል፣ ስሙ ይቀየራል፤ ማኅደሩ ግን የቦታው ነውና በአንድ አቃፊ ውስጥ የሦስት ባለቤት ፊርማ ይገኛል።

ትልቁ ሀብት ግን የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 በታወጀው በአዋጅ 47 ነው። ቤት ያላችሁ አባቶች «ይህን ቁጥር ስንሰማ ያመናል» ትላላችሁ፤ እረዳችኋለሁ። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። እያንዳንዱ ባለቤት ስንት ቤት እንዳለው፣ የትኛውን ለራሱ እንደሚያስቀር እየፈረመ አሳወቀ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ሀብቱን ለተነጠቀ ሰው ሐዘን ነው፤ አያቱን ለሚፈልግ ግን ያ ቅጽ የከተማውን ባለቤቶች ስም በስም የያዘ ቆጠራ ነው። ተከራዩም ቀበሌ ሲቋቋም ተጻፈ። በየቤቱ ቁጥር የቤተሰብ ቅጽ ተሞላ፤ የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም፣ የልጆችና አብረው የሚኖሩ ዘመዶች ስም ከነዝምድናቸው፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ። የእኅቴ ልጅ የጠየቀችኝ የሕዝብ ቆጠራ ይኸው ነው። ስሙ «የቀበሌ ማኅደር» ስለተባለ ማንም እንደ ታሪክ ወረቀት አላየውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛና በ284 ቀበሌ ተከፍላ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተሞች መጡ፤ አሥር ሆኑ፣ ቀበሌዎቹም እየተጨፈለቁ ቁጥራቸው ቀነሰ። ከዚያ ቀበሌው ወረዳ ሆነ፤ በ2013 ለሚ ኩራ ሲጨመር ክፍለ ከተማው አሥራ አንድ ሆነ። አያታችሁ ቤታቸውን ለቅቀው አያውቁም፤ የቤቱ አድራሻ ግን ደጋግሞ ተቀይሯል። በአሮጌ ደረሰኝ ላይ «ቀበሌ 16» የሚል ስታዩ ዛሬ 16 የሚል ቁጥር ፍለጋ አትሂዱ። የከፍተኛውን ቁጥር፣ የቀበሌውን ቁጥርና የቤት ቁጥሩን ሦስቱን አብራችሁ ጻፉ፣ ከዚያም የሰፈሩን ሽማግሌ «ይህ ቀበሌ የትኛው ጽሕፈት ቤት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽማግሌው ጽሕፈት ቤቱን በዛፉ ያውቀዋል።

ሌላው መሸኛ ነው። ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሄደ ሰው ሁሉ መሸኛ ይዞ ሄዷል፤ በአዲሱ ማኅደሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጠርዞ ይገኛል። ያ አንድ ገጽ ቀድሞ የነበረበትን ቤት ቁጥር ይነግራችኋል፣ ያኛው ማኅደር ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን። እኔ የሴት አያቴን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። አንድ ጽሕፈት ቤት፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሦስት ሐሙስ አመላለሰኝ። መጀመሪያ «ፋይሉ የለም» ተባልኩ፣ ቀጥሎ «ኃላፊዋ ሥልጠና ላይ ናት»። በሦስተኛው ሐሙስ አንዲት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አዘነችልኝና መጋዘን ከፍታ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቁ ማኅደሮች አሳየችኝ። ጣሪያው ያፈስ ነበር። ከታች ያሉት ከረጢቶች ሻግተዋል። የአያቴ ማኅደር ከላይ ነበር፤ ዕድል ነው እንጂ የእኔ ብልህነት አይደለም። ገልጬ አየሁ፤ የተጻፈው አያቴን ማንም ጠርቷቸው በማያውቅበት ስም ነው። የክርስትና ስማቸው ነበር።

ይህ ያጋጥማችኋል። በአንድ ሰው ላይ የቤት ስም፣ የክርስትና ስምና የሹመት ወይም የሙያ ቅጽል ይደራረባሉ። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የያዘችው ስም የጎረቤት አፍ ከያዘው ይለያል። የጴጥሮስ ወጳውሎስን መቃብር ስትጎበኙ በሐውልቱ ላይ ሁለቱም ስም ካለ ሁለቱንም ፎቶ አንሡ። ፊደሉም ያወናብዳል። ኃይሌ በኀ፣ በሀ፣ በሐ ሊጻፍ ይችላል፤ ዓለሙ በዐ ወይም በአ፤ ፀሐይ በጸ ወይም በፀ። መዝጋቢው በሀሁ ተራ አስቀምጦት ከሆነ «አልተገኘም» የተባለው ሰው ሦስት መሳቢያ ወዲያ ተቀምጧል። ሁሉንም አስፈልጉ፤ አትፈሩ።

ለማንም ሰው ሞኝነት ሊመስል የሚችል አንድ ምክር አለኝ፤ ዕድራችሁ ሂዱ። ዕድር በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ በዚህች ከተማ የተስፋፋው ሰው አገሩን ጥሎ መጥቶ ቀባሪ ስላጣ ነው። ገንዘብ የሚከፍለው ለአባሉ ብቻ አይደለም፤ ለባለቤቱ፣ ለልጆቹ፣ እንደየደንቡ ለእናት ለአባቱ፣ ለአማት፣ ለወንድም ለእኅቱም ይከፍላል። ኋላ ጠብ እንዳይነሣ ጸሐፊው ገና ሲመዘግብ እነዚህን ሁሉ በስም ይጽፋል። አስቡት፣ ሸጎሌ ውስጥ በሸራ የተጠረዘ ደብተር ላይ ሰላሌ፣ መንዝ፣ ጉራጌ ወይም ጋሞ ያለች፣ አዲስ አበባን ረግጣ የማታውቅ አሮጊት ስም ተጽፏል። የትኛው የእንግሊዝ ማውጫ ነው ይህን የሚያደርገው?

የአያቴን ማኅደር ይዤ ወደ ቀድሞ ዕድራቸው ሄድኩ። የዕድሩ ዳኛ የዘጠኝ አሥር መዝገብ ባለቤት ናቸው፤ አልጋቸው ሥር ከነሣጥኑ ያስቀምጡታል። «ተቀመጥ» አሉኝ፤ ቡና እስኪፈላ መነጽራቸውን አድርገው ቅጠል በቅጠል ገለጡ። በአንዱ ገጽ ላይ በአያቴ ስም ትይዩ እንዲህ የሚል መስመር አገኘን፤ የአባል እናት በመሞታቸው፣ ፍቼ፣ 30 ብር፣ ቀንና ወር። ቅድመ አያቴ በዚህ ዓለም ላይ ስለመኖራቸው የተጻፈው ብቸኛ ነገር ለሞታቸው የተከፈለ 30 ብር ነው። በፊርማ ፈንታ አውራ ጣት ታትሞበት ነበር፤ ያ ጣት የአያቴ ነው። እኔ ብዙ ሊቃውንት የጻፉትን አንብቤያለሁ፣ እንደዚያ መስመር እጄን ያንቀጠቀጠኝ ግን የለም።

ዳኛው ቡናውን እየሰጡኝ «አንተ ዘር መቁጠር ከቀበሌ ነው እንዴ የምትማረው?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። ጎጃምና ጎንደር ርስት ባለበት ዘመን ሰው ሐረጉን የሚያጠናው መሬት ለመካፈል ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን በአባትም በእናትም በኩል ቆጥሮ የሚያስረዳ ሰው ድርሻ ይጠይቃል፤ መቁጠር ያቃተው ባዶ እጁን ይመለሳል። በጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ ሽማግሌ አይቀበልም። ከአያት በላይ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ እየተባለ እንደየአገሩ አጠራሩ ይለያያል። የሶማሌ ልጅ የዘር ሐረጉን ቆጠራ፣ አብቲርሲውን፣ ገና ሳያድግ በቃሉ ያውቃል። በ1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ርስት ቀረ፤ ርስት ሲቀር ልጅን ሐረግ የማስጠናት ምክንያቱም ሳሳ። ልብ በሉልኝ፣ ያ ያልተጻፈ ቆጠራ እናትን ይቆጥር ነበር። የተጻፈው ሦስት ስማችን ግን እናትን ጣላት። ዛሬ ለልጃችሁ የልደት ምስክር ወረቀት ስታወጡ የእናት ሙሉ ስም የሚል መስመር አለ። በአንድ ስም አትለፉት፤ እስከ አያቷ አስሞሉት።

ሐረግ ሲፈለግ የሚያምመውንም ማውራት አለብን። ሰፈራችን በስማቸው የሚጠራው ሼህ ሆጀሌ ከቤኒሻንጉል ወርቅ ብቻ አላስመጡም፤ ባርያም ይጋዝ ነበር። ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ በ1916፣ ፈጽሞ የሚከለክል አዋጅ በ1934 ወጥቷል። ከዚያ በፊት ተይዞ የመጣ ልጅ ስሙን ያጣል፣ ጌታው አዲስ ስም ያወጣለታል፤ ነጻ ሲወጣ በአባት ስም ቦታ የጌታው ስም ይቆማል። የልጅ ልጁ ዛሬ ሐረጉን ሲቆጥር በሁለተኛው ትውልድ የማያውቀው ትልቅ ሰው ላይ ይደርሳል፣ ደስም ይለው ይሆናል። በዚህች ከተማ ማኅደር ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ታገኙ ይሆናል። ስታገኙ ሰውን ለማዋረድ አታውጡት፤ የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ አትደብቁት።

በቅርቡም የተበጠሰ አለ። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ እስኪከለከል ድረስ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሄደዋል። አሁን አድገው ወላጅ ፍለጋ እየመጡ ነው፤ በእጃቸው ያለው ብዙ ጊዜ አንድ የቀበሌ ደብዳቤና አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በራችሁን አንኳኩተው የተሰባበረ አማርኛ ሲናገሩ ካያችሁ የደብዳቤውን የቤት ቁጥር አንብቡላቸው። እናንተ የምታውቁትን የሰፈር አጥር በዓለም ላይ ያለ ኮምፒውተር አያውቀውም።

ስለ መዛግብትም ጥቂት ልበል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ በ1936 የተቋቋመ ነው፤ ከ1933 ጀምሮ የታተመውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ እዚያ ማገላበጥ ትችላላችሁ። የፍርድ ቤት ጥሪዎችንና የወራሽነት ማስታወቂያዎችን አንብቡ፤ «የሟች ወራሽ ነኝ የሚል» ብሎ የሚጀምረው ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 የተመሠረተ ሲሆን የገጠር አያቶች ላላችሁ ይጠቅማችኋል። የጡረታ ማኅደር ደግሞ የባለቤትንና የልጆችን ስም ስለሚይዝ ወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ አያቶች ያሏችሁ አትርሱት። ሙስሊም ቤተሰቦች የኒካህ ወረቀታችሁን ከሳጥን አውጡ፤ ብዙ ስም አለበት።

ያስቸኮለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰፈር እየፈረሰ መንገድ እየተሠራ ነው። መንገዱ ይምጣ፤ ጥላቻ የለኝም። ግን ቤቱ ሲፈርስ የቤት ቁጥሩ ይሄዳል፣ ዕድሩ ይበተናል፣ ዳኛው ሣጥኑን ይዘው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ። ሣጥኑ ለጠባብ ቤት ሲከብድ ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ዕድራችሁ የቆዩ መዝገቦቹን በስልክ ፎቶ እንዲያስነሣ በሚቀጥለው ስብሰባ ጠይቁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። በራችሁ ላይ ያለችውን የድሮዋን ሰማያዊ ወይም ነጭ ቁጥርም አንሡ። ለእኅቴ ልጅ የላክሁላት የዚያች የዕድር ገጽ ፎቶ ነው። ከትምህርት ቤት የቤት ሥራዋ ጋር አያይዛ አቀረበችው።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ስትወጡ የእናታችሁን እናት ስም እስከ አያታቸው፣ የተወለዱበትን አገርና የክርስትና ስማቸውን ጻፉና ይዛችሁት ሂዱ። የማታውቁ አሁኑኑ ወደ ቤት ደውሉ። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ እናቶቻችሁ አልተኙም።